ያልደረሰ ቀለም

አንኮበር፣ 1878 ዓመተ ምሕረት

ኅዳር 3
ጭጋግ። ብራናው ረጥቧል፣ ጣቴ ደንዝዟል። ሦስት ቅጠል አሰመርኩ። ጥቁሩ ቀለም አለቀ። ከምጽፈው ዳዊት ገና አሥራ አንድ ቅጠል ቀርቷል... ይህችን የምጭረው በዝቃጩ ነው። ለራሴ ይበቃል።

ባለቤቴን ዘርፈሽዋልን «አዲሱ ቀለም ደረሰ?» አልኳት። «ገና ነው» አለች። ከዚህ ሌላ ቃል አታውቅም።

ኅዳር 6
ዛሬም ገና ነው! ከድስት ቂጥ የተፋቀ ጥላሸት፣ ያረረ ገብስ፣ ውኃ... ይኸው አይደል? ይህ ምን ሦስት ወር ያስፈጃል? ጮህኩባት። ማማሰሏን እንኳ አላቋረጠችም።

ኅዳር 9
እመት አልታየች ከመዘዞ ድረስ መጡ። ዳዊቱን የሚያጽፉት እሳቸው ናቸው፤ ብራናውም ከገዛ በጎቻቸው ቆዳ ነው። የባላቸው የወልደሩፋኤል ሙት ዓመት ታኅሣሥ 19 ይውላል። ያን ቀን መጽሐፉ ለደብሩ ይሰጣል፣ የሟቹ ስም ይነበባል።

«ልጅ አልወለድንም፣ መሪጌታ ወልደአረጋይ። ስሙን የሚጠራለት ይህ መጽሐፍ ብቻ ነው» አሉኝ።

«ይደርሳል» አልኩ። በምን አፌ?

ኅዳር 14
ገብረጻድቅ መጣ። ጽሕፈት አብረን ነው የተማርነው፤ እኔ ጸሐፊ ወጣሁ፣ እሱ ወሬኛ። ከአልዩ አምባ ገበያ አንድ ጠርሙስ የፈረንጅ ቀለምና የብረት ብርዕ ይዞ ነው የመጣ። «ጥቁር ነው፣ ዛሬውኑ ትጽፍበታለህ። እነሱ አገርማ ቀለሙን በሆዱ ይዞ የሚዞር ብርዕ አለ» አለኝ። ውሸታም! ጠርሙሱን ግን ተቀበልኩት።

ዘርፈሽዋል አየችና «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብላ አለፈች። ደሜ ፈላ።

ኅዳር 15
ውኃ ነው! ቁራጭ ብራና ላይ ሞከርኩት፣ ፊደሉ ተሰራጨ። ብርዑም ብራናውን ይቧጭራል። ገብረጻድቅ «ከቤቱ ቀለም ጋር ቀላቅለው። የፈረንጁ ይወፍራል፣ የቤቱም ቶሎ ይደርሳል» አለ። እውነት ይሆን?

ኅዳር 16
ጥቁር የለም። ይህችን የምጭረው በቀይ ነው፣ ለቅዱሳን ስም በተቀመጠው። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ዘርፈሽዋል ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ጠርሙሱን የቀለም ማሰሮዋ ውስጥ ገለበጥኩት። ማን ይጠይቃታል? ጸሐፊው እኔ ነኝ! አማሰልኩ። ወዲያው ተቋጠረ፣ እንደ ተበላሸ ወተት። ከላይ ውኃ፣ ከታች ጓል። አጠለልኩት፣ አሞቅሁት... ምንም።

ገብረጻድቅ ደግሞ «እኔማ ለጨዋታ ነው ያልኩህ» ይለኛል። አንገቱን ባነቅሁት!

ኅዳር 17
አልጮኸችም። ማሰሮውን አጥር ሥር ደፋችው፣ አጠበችው፣ ፊቴ አስቀመጠችው።

«ሦስት ሳምንት ነበር የቀረው። እንግዲህ ራስህ ሥራው።»

ሦስት ሳምንት! ለሙት ዓመቱ በደረሰ ነበር። ታዲያ ለምን አልነገረችኝም? ... መቼ ጠየቅኋት? ጮህኩባት እንጂ።

ኅዳር 20
ሁለት ጸሐፊዎች ቤት ሄጄ ቀለም ለመንኩ። ለራሳቸውም አልበቃቸው። ከዚያ በየጎረቤቱ እየዞርኩ የድስት ቂጥ ፋቅሁ። ሴቶቹ «መሪጌታን ምን ነካቸው?» እያሉ ሳቁ። ይሳቁ። ማንንም ማየት አልፈልግም፣ ራሴንም።

ታኅሣሥ 19
ሙት ዓመቱ ዋለ። ያለ ዳዊቱ። እመት አልታየች ሰው ልከው ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አልላኩም።

ጥር 30
ጠዋት ማታ አማስላለሁ። ይገማል። እጄ እንደ ከሰል ጠቁሯል።

«ደረሰ?»

«ገና ነው።»

ማማሰያውን ልወረውረው አነሣሁና... መልሼ ከተትኩት። ገብሱን በደንብ እንዳላሳረርኩት ነገረችኝ። ጠይቄያት ነው።

መጋቢት 2
ጠብታ አንሥታ ጥፍሯ ላይ አኖረች። አሸተተች። እስኪደርቅ ጠበቀች።

«ጻፍ» አለች።

ሚያዝያ 27
እመት አልታየች መጡ። ዳዊቱን ሰጠኋቸው። ፊደል አያውቁም። «ስሙ የት ነው?» አሉ። አሳየኋቸው፣ አነበብኩት። «ይድገሙት።» ደገምኩ። ሦስት ጊዜ።

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «በሙት ዓመቱ ቀን ስሙን የጠራለት የለም» አሉ። ይቅር አላሉኝም፣ አልረገሙኝምም። የመጨረሻውን ቅጠል እንዳነብላቸው ብቻ ጠየቁ። የጸሐፊው ስም በሚገባበት ሁለት ስም አለ።

«ወለተ ሥላሴ ማን ናት?» አሉኝ።

«ባለቤቴ። የክርስትና ስሟ ነው። እጁ የኔ ነው፣ ቀለሙ ግን የእሷ ነው።»

ዘርፈሽዋል ከጓዳ ሰማች። ስሟን መጻፌን አልነገርኳትም ነበር። «በሰው ተዝካር መጽሐፍ ላይ? ማን ጻፍ አለህ? ፋቀው!» ጮኸች፣ እስከ ጎረቤት ተሰማ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት እንዲህ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም።

መጽሐፉን አጥፌ ለእመት አልታየች መለስኩላቸው። አልፋቅሁትም።