የይመር የውሃ ተራ

አያ ደምሴ፣ የልጆቼ አባት፣

እንደምን ከረምህ? ሰው ፊት አንቱ እልህ ነበር፤ ይህ ደብዳቤ ግን ጓዳችን ነውና አንተ ብልህ አትቀየመኝ። ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሞላ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ጊዜ አጥቼ አይደለም፤ ተቀይሜህ ነበር። ባለፈው ረቡዕ ቦዩ አፍ ላይ ያየሁትን ግን ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? አጃኢብ ነው አያ ደምሴ!

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። ቤቱ ደህና ነው። ያ «መካን ነው፣ እቆርጠዋለሁ» እያልህ ስትዝትበት የነበረው ማንጎ ዘንድሮ ቅርንጫፉ መሬት እስኪነካ አፈራ። እንኳን እጅህን ያዝኩህ! ቀይዋ ላም ወለደች። ጋቢህን እኔ እለብሰዋለሁ፤ ጫማህን ግን ለማንም አልሰጠሁም።

ቀብርህንም ልንገርህ፤ አንተ ተኝተህ አላየኸው። በቅሬያችን፣ በእድራችን ሕግ ሰው ሲሞት ወጣቱ መቃብር ይቆፍራል፣ ሽማግሌው ተቀምጦ ያስተዛዝናል። የዚያን ቀን ጡሩምባው ተነፋ፣ ደግሞ ተነፋ፤ ዶማ ይዞ የመጣ ወጣት ግን አንድም የለ። ገሚሱ አዲስ አበባ፣ ገሚሱ ጅቡቲ፣ ገሚሱ ዐረብ አገር ነው። አራት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አውልቀው ቆፈሩልህ። አንደኛው ማን መሰለህ? ዕድሜ ልክህን በውሃ የተጣላኸው አያ ካሳው! ሁለት ሦስቴ ቆፍሮ ወገቡን ይይዛል፣ እንደገና ይነሳል። አስከሬንህ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ጉድጓዱ ገና ከጉልበት አላለፈም ነበር። ቄሱም፣ እኛም፣ አንተም ፀሐይ ላይ ጠበቅን። ከሐዘኑ እፍረቱ ባሰብኝ።

እዚያ ቆሜ የበኩር ልጃችን ይመር ትዝ አለኝ። የመስኖው የውሃ አባት ነበርህ። ቦዩ አፍ ላይ ቆመህ ባለተራውን ትጠራለህ፤ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ አቤት ያላለ ተራው ያልፈዋል። ሕጉ ደግሞ ትዳር ይዞ ጎጆ ባልወጣ ሰው ስም ውሃ አይጠራም ይላል። ይመር የአያ ካሳውን የታችኛውን ማሳ፣ ያንን ሰው አጥቶ ጦም የሚያድረውን፣ ምርቱን እኩል እየተካፈለ ሊያርስ ተስማምቶ መጣና በስሜ ተራ ስጠኝ አለህ። ሕግ ነው፣ ለልጄ ብዬ አላዳላም አልኸው። አገሩ ፍርድህን አመሰገነ። እኔ ግን ከሕጉ ሥር ያለውን አውቅ ነበር፤ ውሃህ ካሳው መሬት ላይ እንዲፈስ አልፈለግህም። እያወቅሁ እጅህን አስታጥቤህ ዝም አልሁ።

ይመር አካፋውን በሩ ሥር አስደግፎ፣ በሳምንቱ ከመርሳ መናኸሪያ ተሳፈረ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚሉት እውነት ሆነ። አንተ ከዚያ ወዲያ ስሙን አላነሳህም፤ ያንን አካፋ ግን ዝገት እንዳይበላው ቅባት ስትቀባው አይቼሃለሁ። ያየሁህ አልመሰለህም፣ ሞኞ!

በአርባህ ዋዜማ ደግሞ የትንሿን ልጃችንን የእናኑን ጓዝ ከአልጋዋ ሥር ታስሮ አገኘሁት። ፎቶዋን ተነስታ፣ የጉዞ ወረቀቷን ጨርሳ፣ አርባህ እስኪያልፍ እኔን ብላ ነበር የቆየችው። አልጮህኩባትም። በማግስቱ ቅሬው ለአርባህ በተሰበሰበበት፣ ክርስቲያኑም እስላሙም በተቀመጠበት፣ ተነሳሁ። ሴት ናት ብሎ የሚያስቀምጠኝ ይኖር እንደሆነ ብዬ ነጠላዬን አጥብቄ ታጠቅሁ። ይመርን ያስኮበለልነው እኛ ነን፣ እኔም አለሁበት አልሁ። አሁን ደግሞ እናኑ ልትሄድ ነው፤ እኔ ስሞት ማን ይቆፍርልኛል? ብዬ ጠየቅኋቸው።

ከዚያ አያ ካሳው ምርኩዙን ይዞ ተነሳ። እኔ ሊሰድበኝ ነው ብዬ ነበር። የታችኛው ማሳዬ ጦም ከሚያድር ለሚሠራ ልጅ ይሰጥ፤ ውሃውም ከእኔ ተራ ይቀነስ፤ ያገባ ያላገባ፣ ወንድ ሴት አይባልበት አለ። እጄን በአፌ ላይ ጫንኩ። ለአንዲት ጀንበር ውሃ ሰው ሲፈነካከት እያየሁ ያደግሁ ነኝ፤ ሰው ተራውን ሲለቅ አይቼ አላውቅም። ወዲያው ሌላው ተነሳ፣ ሌላውም። እስከ ቀትር የሚያጠጣው ተራዬ እስከ ረፋድ ይሁን ይላል አንዱ፤ ጉልበቴ አልቋል መሬቴን ልጆቹ ይያዙት ይላል ሌላው። የሄዱትም ልጆች ስማቸው የውሃ ተራው መዝገብ ላይ ይግባ፣ እስኪመጡ ያለነው እናጠጣላቸው ተባባሉ። ለሙት የቆመ ቅሬ ያን ቀን ለሕያዋን ቆመ። አለቀስኩ አያ ደምሴ፤ ያንተን ለቅሶ መሰላቸው።

እናኑ ጓዟን ፈታች። ከጓደኞቿ ጋር ሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ድረስ ሄዳ ስለ ሽንኩርት ዘር ጠይቃ መጣች። የታችኛውን ማሳ ለሁለት ከፍላ ግማሹን ለራሷ፣ ግማሹን በወንድሟ ስም ሽንኩርት ተከለችበት። ቀጥላ ምን ሆነች ብትል፣ ባንተ ቦታ ስም ጠሪ አደረጓት! ሽማግሌዎቹን ተሰለፉ፣ አትጋፉ ስትላቸው ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ብለው ይስቃሉ፤ ግን ይሰለፋሉ። ሁሉም ወጣት ቀረ ብዬ አልዋሽህም። ከነሱ ሁለቱ ሽንኩርታቸውን እንዳነሱ ተሳፈሩ። ስማቸው ግን አልተሰረዘም።

የወንድሟን ግማሽ እናኑ እስከ ዘንድሮ በራሷ ተራ ስታጠጣው ቆየች፤ ባለፈው ረቡዕ ጠዋት የይመር ተራ በስሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረሰ። አካፋውን ይዤ ወረድሁ፤ በእሱ ፈንታ አቤት የምለው እኔ ነበርኩ። እናኑ ቦዩ አፍ ላይ ቆማ «ይመር ደምሴ!» ብላ ተጣራች። ድምፅዋ ቁርጥ ያንተ ነው። አፌን ከፈትሁ፣ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ሁለተኛ ጠራች። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ያያል፣ ውሃው ብቻ ይንሿሿል። ሦስተኛውን ልትጠራ ስትል ከወዲያ ማዶ አንድ ሽማግሌ «አቤት! አለ!» አለ። አያ ካሳው ነው። ቦዩን ተሻግሮ አካፋውን ከእጄ ተቀበለ፣ አፈሩን ገፋ አደረገውና ያ የከለከልኸው ውሃ ወደ ማሳው ገባ። ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ መሬት ስሜ ተነሳሁ።

እናኑ ለወንድሟ ደውላ ስልኩን ወደ ውሃው አስጠጋችለት። እሱም አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ የአካፋዬ እጀታ ደህና ነው ወይ አለ። ደህና ነው፣ አባትህ ቅባት ሲቀባው ነበር አልሁት። እንዲህ ብዬ ሚስጥርህን አወጣሁብህ፤ ልጅህ ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

ይመጣል አይመጣም አላውቅም፤ አልጠየቅሁትም። አንተን ግን ይቅር ብዬሃለሁ፤ አንተም ያን ቀን ዝም ያልሁትን ይቅር በለኝ። ልረሳህ ብፈልግ እንኳ የት አባቴ! ተራው በደረሰ ቁጥር «ይመር ደምሴ» ተብሎ ሲጠራ ስምህ አብሮ ይጠራል። ከእንግዲህ ጉሮሮዬ አይዘጋም። ልጃችን መጥቶ ራሱ እስኪመልስ ድረስ፣ ለሁለታችሁም አቤት የምለው እኔ ነኝ።

የልጆችህ እናት