አንገት ብጠይቅህ ዓሣ ላክህልኝ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለይታገሱ ደግሰው፣ ይህ ወረቀት በሚደርስበት ሰዓት ከባሕር በላይም ሆነ ከባሕር በታች ላለህበት ቦታ ሁሉ።

ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጤናህስ እንዴት ነው? ሳንባህ፣ ወገብህ፣ ጥርስህ ደህና ናቸው? ያ ጠልቄ ስወጣ ይጮኽብኛል ያልኸው ጆሮህስ ተሻለው? አንገትህንም ልጠይቅልህ ነበር፤ ስለ እሱ ግን ሰላምታው ሲያልቅ በሰፊው እንነጋገራለን። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን አልፎ አልፎ ከማመሙ በቀር ደህና ናት። ቡሬዋ ላም ወልዳለች። ገብሱም ዘንድሮ አምሮበታል። እኔም ስፌቴን አላቋረጥሁም፤ መኪናዬ አርጅታ ትጮኻለች እንጂ ትሠራለች። ከዚህ በላይ ደህና ነን ብዬ ብጽፍ ውሸት ስለሚሆን ደህንነታችንን እዚህ ላይ ፈጽሜዋለሁ። ከዚህ በታች ያለው ቁጣ ነው፤ ተቀምጠህ አንብበው።

ለምን በስልክ አትነግረኝም እንዳትል። አንተ ስትደውል እማዬ ድምፁን ለቅቃ ስልኩን መደቡ ላይ እንደምታስቀምጠው ታውቃለህ። "ይታገሱ ደወለ" ሲባል ጎረቤቱ ሁሉ ቤቱን ይሞላዋል፤ ለአንተ ያልሁት ነገር አንተ ጆሮ ሳይደርስ እትዬ ገለቴ ጓዳ ይገባል። ስለዚህ ወረቀት አነሣሁ። የጨርቅ ነጋዴው ልጅ አብዱልሀሚድ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሊመጣ ነውና እጅህ ላይ እንዲያደርስልኝ አደራ ብዬዋለሁ። እሱ በሰው ነገር አይገባም፤ የመረጥሁትም ለዚህ ነው።

ነገሩ የተነሣው ከዚያ ፎቶህ ነው። ሱቅ ጠባቂነትህን ትተህ ለጠላቂዎች የአየር ሲሊንደር ሞይ ሆንህ ሲሉን ደስ አለን። ቀጥለህ ራስህ ጠላቂ፣ ኋላም የባሕር ውስጥ ፎቶ አንሺ ሆንህ ሲሉን ግራ ገባን፤ ግን ደስ ብሎናል አልን። መጀመሪያ የጠለቅህ ቀን የተነሣኸውን ፎቶ ለአክስታችን ልጅ ለፍቅርአዲስ ላክህላት። እሷ ምስኪን ደስ ላሰኛቸው ብላ ወልድያ ፎቶ ቤት ወስዳ የመስኮት ያህል አሳጠበችው፤ በፍሬም አስገብታ አውቶቡስ ላይ እንደ ሕፃን ታቅፋው መጣች። የመጣችውም ለጥቅምት ሚካኤል፣ ማኅበሩ እኛ ቤት በደረሰበት ቀን ነው። እማዬም ከደስታዋ ብዛት ውላ አላደረችም፤ ከቅዱስ ሚካኤል ሥዕል አጠገብ ምስማር መትታ ሰቀለችህ።

እስቲ አሁን ያንን ፎቶ እንደ ማኅበርተኛ ሆነህ ተመልከተው። አንተ እስከ ወገብህ ውሃ ውስጥ ቆመሃል። ጺሙ ደረቱ ላይ የወረደ ሽማግሌ ፈረንጅ አንድ እጁን ትከሻህ ላይ፣ አንድ እጁን አናትህ ላይ አድርጓል። ከኋላችሁ ድንጋዩ ላይ አንዲት ሴት ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታለች። አንተም ዓይንህን ጨፍነሃል፤ ፊትህ ላይ ያለው ደስታ ለሠርግህ ቀን እንኳ ይበዛል። ሽማግሌው አስተማሪህ መሆኑን፣ የመነጽርህን ማሰሪያ እያጠበቀልህ መሆኑን፣ ሴትዮዋም ልብሷ ጠቧት እየታገለች መሆኑን አንተ በኋላ ነገርኸኝ። ፎቶው ግን አይናገርም።

ጠላው አንድ ጊዜ ዞረ። ከዚያ እትዬ ገለቴ ተነሡ፤ ቀረብ ብለው፣ መነጽራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው፣ አጎንብሰው ተመለከቱህ። "ልጃችንን እያጠመቁት ነው እንዴ?" አሉ። ፍቅርአዲስ ደንግጣ፣ ኧረ ሊጠልቅ ነው፣ ባሕር ውስጥ ፎቶ ሊያነሣ ነው ብትላቸው፣ "ፎቶ ቤት የብስ ላይ ጠፍቶ?" ብለው መለሱላት። ሰው ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ ቆመ፤ የንስሐ አባታችን ቄስ ሀብተ ሥላሴ አልሳቁምና። ወደ አባባ ዞር ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "መሪጌታ፣ ልጁ ስንት ጊዜ ነው የተጠመቀው?" አሏቸው።

አባባም "አንድ ጊዜ። በአርባ ቀኑ" አሉ።

ምነው ነገሩ እዚያ ላይ ባበቃ። እትዬ ገለቴ ጣታቸውን ከመስተዋቱ ላይ ሳያነሡ "ማተቡስ?" ብለው ጨመሩ። ሁሉም አንገቱን ወደ አንተ አንገት አሰገገ። ምን ይታያል? ያ የምትጠልቅበት ጥቁር የላስቲክ ልብስ አገጭህ ድረስ ዘግቶሃል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ያንን አንገትጌ የሰፋው ሰው ቢገኝ ሁለት ጣት ዝቅ ቢያደርገው ኖሮ የአንድ ቤተሰብ ስም ያድን እንደነበር በነገርሁት። መስቀልህ ውስጥ ነው አልሁ፣ ከላስቲኩ ሥር ነው አልሁ፤ እማዬም ማለች። ያላየችውን።

በሳምንቱ ወሬው ብልባላ ገበያ ወረደ፤ ከዚያ ኩልመስክ ደርሶ ሲመለስ ወፍሮ ተመለሰ። አንዱ ጴንጤ ሆነ አለ፤ ሌላው ሰባኪ ሆኗል፣ ለዚሁ ደመወዝ ይቆረጥለታል አለ። ዓሣ ያመልካል ያለም አለ፤ በዚህኛው እንኳ ራስህ የላክኸውን የዓሣ ፎቶ እያየሁ ተጠራጥሬ ነበር። ኅዳር ሚካኤል እትዬ ገለቴ ቤት ነበር። ወትሮ ማኅበርተኞቹ በደጃችን ሲያልፉ ጠርተውን አብረን ነው የምንሄደው። ያን ቀን ኮቴያቸው መጣ፣ ደጃችን ላይ ሲደርስ ዝግ አለ፣ አለፈ። እማዬ ነጠላዋን ለብሳ በሩ ሥር ቆማ ነበር።

አባባን ወደ ደብሩ አይምጡ ያላቸው ሰው የለም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ያለ ሰው ቢኖር መቀሴን ይዤ ሄጄ በተነጋገርን። እሳቸው ግን ሲገቡ ሹክሹክታ ይቆማል፣ ሲቀመጡ አጠገባቸው ያለው ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል። መቋሚያቸውንና ጸናጽላቸውን ይዘው ወደ ቤት መጡ። ልጄ የት እንደቆመ ሳላውቅ ሰው ፊት ቆሜ አላዜምም አሉ። ይኸው እስካሁን መቋሚያቸው ከበሩ ጀርባ ተደግፎ እንደ እንግዳ ዣንጥላ ቆሟል።

እኔስ ዝም አልሁ? በእማዬ ስልክ ድምፅ ልኬልህ አንገትህን አንሥተህ ላክልኝ፣ ከነማተብህ፣ ቶሎ አልሁህ። አንተም ቶሎ ላክህ። ምን? መጀመሪያ ስምንት እጅ ያለው፣ አጥንት የሚባል ያልፈጠረበት ፍጥረት። ቀጥሎ አበባ ለብሶ የሚድህ ቀንድ አውጣ። ቀጥሎ ከአስተማሪህ በጺሙ ማጠር ብቻ የሚለይ፣ ዓይኑ የሚያሳዝን የባሕር አውሬ። ከዚያ ዓሣ፣ ከዚያ ዓሣ፣ ከዚያ ሌላ ዓሣ። የባለ ስምንት እጁን ፎቶ ይዤ እትዬ ገለቴ ዘንድ ሄድሁ፤ ይኸው ሥራው ይህን ማንሣት ነው ልላቸው። አገላብጠው አዩትና "አጥማቂው ይሄ ነው?" አሉኝ። "እኔ ምን አልሁ፣ ጠየቅሁ እንጂ" ማለታቸውንም አልተዉም። በዚህ አገር የሰው ስም የሚቀበረው በጥያቄ ነው።

መጨረሻ ላይ ያንን ኬልፕ የምትለውን የባሕር ደን ላክህ። ከድንጋዩ ሥር ተነሥቶ እንደ አህያ መጫኛ እየተወዛወዘ ፀሐይ እስኪነካ የሚወጣ ቡናማ ጠፍር። እማዬ ከብት ይበላዋል ወይ ብላለች፣ መልስ ስጣት። እውነቱን ልንገርህ፣ ያምራል። ብርሃኑ ከላይ በቅጠሉ መሐል ሲወርድ ልክ በቤተ ክርስቲያናችን የድንጋይ መስኮት በማለዳ እንደሚገባው ነው። ተናድጄም ደጋግሜ አየሁት። ይኸው ራሱ ደግሞ አናደደኝ፤ ከባሕር ሥር ይህን ማየት የሚችል ልጅ የገዛ አንገቱን ማሳየት እንዴት ተሳነው?

አብረህ የላክኸው ድምፅህም ውብ ነበር። ማዕበሉ ሲሸሽ ጠብቆ ከድንጋዩ ወደ ውሃ ስለ መግባት፣ ጠፍሩ እግር ላይ ሲጠመጠም እንዳትታገሉት፣ ረጋ ብላችሁ አንድ በአንድ ፍቱት ተብላችሁ ስለ መማራችሁ አስተማርኸኝ። ጎሽ። እኛ እዚህ እግራችን ላይ የተጠመጠመውን ማን ይፍታልን? ስለ አንገትህ አንዲት ቃል አልተናገርህም።

እንግዲህ ገና እየመጣ ነው። ቤዛ ኩሉ ሲዜም አባባ ከላይ ከድንጋዩ ጫፍ ላይ የሚቆሙባትን ቦታ ታውቃታለህ። ልጆች ሆነን ከታች በእንግዳው መሐል ተጨናንቀን አንጋጥጠን ስንፈልጋቸው፣ ያው ጥምጥማቸው እያልህ የምትጮኸው አንተ ነበርህ። ዘንድሮ ያች ቦታ ባዶ ከዋለች ከርሞ ሌላ ሰው ይቆምባታል፤ አባባም ልመለስ ብለው የሚጠይቁ ሰው አይደሉም።

ስለዚህ የምታደርገው ይህ ነው። ያንን ላስቲክ አውልቅ። ሰውነትህን አድርቀህ ሸሚዝ ልበስ፣ ሁለት ቁልፍ ክፈት፣ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥ። ባሕሩ ከኋላህ ይታይ፣ ጠፍርህም ይታይ፤ ዓሣ ግን አልፈልግም። ሽማግሌው ራሱ ቢያነሣህ ደስ ይለኛል፤ ሁለት እጁ ካሜራው ላይ መሆኑን እርግጠኛ እሆናለሁ። ለፍቅርአዲስ ላክላት፤ የበር ያህል ታሳጥበዋለች፤ እኔም ራሴ ተሸክሜ እትዬ ገለቴ ደጃፍ ላይ አቆመዋለሁ።

እማዬ ጉንጭህን ትስምሃለች፤ ውሃው ውስጥ ሳትበላ እንዳትገባ ብላለች። ፍቅርአዲስ ፎቶው ያመጣብንን ጣጣ ሰምታ ካለቀሰች ወዲህ ፊቷ እንዳበጠ ነው፣ ይቅር በለኝ ትልሃለች። ቄስ ሀብተ ሥላሴ እኔን ባዩ ቁጥር ከይታገሱ ምን ተሰማ ይሉኛል፤ እሳቸው ክፉ ሰው አይደሉም፣ በስማቸው ሰላም ብዬሃለሁ። እትዬ ገለቴም ሰላም ብለውሃል፤ በጥያቄ መልክ። ጥጃዋ ገና ስም አልወጣላትም።

አባባ ሰላም በይልኝ አላሉም። እማዬ ፎቶህን አውርዳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራው ነበር፤ እሳቸው መልሰው አዙረውታል። አሁን ይህን ስጽፍ አይተው አለፉኝ፤ ግቢው በር ድረስ ሄደው ተመለሱና፣ "ውሃው ይበርደዋል ወይ በይው" አሉኝ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ይህን ለብቻህ ሆነህ አንብበው። እኔ በየትም ቤት ከሚጸልይ ሰው ጋር ጠብ የለኝም፤ ጠቤ ከዝምታህ ጋር ነው። ማተቡ አንገትህ ላይ ከሌለ፣ ክር ገዝተህ አስረህ እንዳትነሣ። ዕድሜዬን በክር የምኖር ሰው ነኝ፤ የትናንትን ክር ከልጅነት ክር እለየዋለሁ፣ አባባም ይለዩታል። ከሌለ አንድ ዓሣ ብቻ ላክልኝ። ይገባኛል። ለማንም አልናገርም። ፍሬም አስገብቼ ከአንተ አጠገብ እሰቅለዋለሁ፤ ምንድን ነው ለሚለኝ ሁሉ ወንድሜ ያነሣው ነው እላለሁ።

ከነቁጣዋ የምትወድህ እህትህ
ሰብሌ ደግሰው
ላሊበላ፣ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.