ተከዜን ለማየት የግድ ሰው መሞት አለበት ወይ?

ለክቡር የሊማሊሞ መንገደኞች ይለፍ ጽሕፈት ቤት ሹም፤
ጎንደር፣ አራዳ።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? የእርስዎን ጤና፣ የቤተ ሰብዎን ጤና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ይህን ሁሉ ሕዝብ ደጅ የሚያስጠናውን የማኅተምዎን ጤና አምላክ ይጠብቅልን እያልሁ፣ እኔ የሰፈሩ ሰው አያ አላምረው የሚለኝ ሽማግሌ ከወገቤ እጥፍ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ወገቤ እንዲህ መታጠፍን የተማረው ከጽሕፈት ቤትዎ መስኮት ፊት ነውና፣ መስኮቱን ለጉልበት ቁመት ስላሠሩት አመሰግናለሁ። ይህን ደብዳቤ የአራዳ ሰው ሁሉ እንዲሰማው በግልጽ የጻፍሁት ደግሞ ለክፋት አይደለም፤ በዚያ መስኮት የገባ ወረቀት ተመልሶ ሲወጣ አይቼ ስለማላውቅ ነው። ጸሐፊዎ ፋንታሁን አቤቱታ በቁጥር ሲሆን ያምራል ብሎ ስለ መከረኝ እነሆ በቁጥር።

አንደኛ፤ ባለቤቴ ወይዘሮ ለተ ማርያም የተወለደችው ከተከዜ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ለእኔ ተድራ ከመጣች ወዲህ ግን መጀመሪያ ልጅ ማሳደጉ፣ ቀጥሎ የጠላት ዘመን፣ ቀጥሎ የልጅ ልጅ እየያዛት ተመልሳ አላየችውም። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከገደሉ ሥር እንደ ተባዘተ ጥጥ እየተነሣ፣ ፀሐይ ስትነካው ቋጥኙ ከላይ ወደ ታች እየቀላ እንደሚሄድ፣ ወንዙ ግን እንደ ኩሩ ሙሽራ ከሁሉ በኋላ እንደሚገለጥ ስትነግረኝ ኖራለች። አሁን አንዱን ዓይኗን ሞራ ከደነው፤ ሁለተኛውን ሐኪሙ አየና «ምናልባት እስከ ፋሲካ» አለ። እሷም «እንግዲያስ ብርሃኑ ሳይሄድ ተከዜን ልየው» አለች እንጂ ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም።

ስለዚህ ጉዞውን አሰናዳን። የመጀመሪያውን ሌሊት ደባርቅ ልናድር፣ ብርዱን ስለምናውቀው ጋቢውን ደርበን ያዝን፤ በማግስቱ ሊማሊሞን ወርደን አዲ አርቃይ እናድራለን፤ ከዚያ ማይ ጠብሪ ላይ ከማኪናው ስንወርድ ታናሽ ወንድሟ ክንዱ በቅሎ ይዞ ይቀበለንና ከአፋፉ ያደርሰናል። በሶው ተፈጨ፣ ዳቦ ቆሎው ተቆላ፣ ድርቆሹ ከአቁማዳ ገባ። የቀረን የእርስዎ ይለፍ ወረቀት ብቻ ነበር፤ መንገዱ በክረምቱ ስለ ተናደ ያለ ወረቀት ማንም መንገደኛ ሊማሊሞን እንዳይወርድ አዝዘዋልና። ትእዛዙ ሸጋ ነው፤ ሰው ገደል ሲገባም ቢሆን በፈቃድ መሆን አለበት።

ሁለተኛ፤ ፋንታሁን የመሄጃዬን ምክንያት ጠየቀኝና «ለማየት» ስለው ብዕሩን አስቀመጠ። «ምኑን?» አለ። ገደሉን አልሁት። «ገደሉ ምን ሆነ?» አለኝ። ምንም አልሆነም፣ እንዳለ አለ ስለው፣ «ታዲያ ደህና ለሆነ ገደል ምነው ይህን ያህል መንገድ?» ብሎ ከልቡ ተደነቀ። ለካስ ክቡርነትዎ ያጸደቁት የጉዞ ምክንያት ንግድ፣ ሙግት፣ ስለትና ለቅሶ ብቻ ኖሯል። በቀደም ካሜራ ያንጠለጠለ ፈረንጅ ለማየት ብሎ መውረዱን ባነሣበት ደግሞ «እሱማ ፈረንጅ ነው አያ አላምረው፤ አገሩ ሜዳ ይሆናል» አለኝ። ጽሕፈት ቤትዎ ገደል ለሌላቸው አገሮች ስለሚያዝነው ኀዘን ምስጋናዬ ይድረስ።

ሦስተኛ፤ ፋንታሁን ክፉ ልጅ አይደለም። ደጅ ስጠና አይቶ አዘነልኝና «ለቅሶ ይበሉና ይገላገሉ» አለኝ። ለቅሶ ግን ያለ ሟች አይጻፍም። ከወንዙ ዳር ማን እንዳለኝ ጠይቆ የባለቤቴን ወንድም የክንዱን ስም ብሰጠው፣ «እንግዲያው ነፍስ ይማር» ብሎ ጻፈው። እኔም ጨዋታ ስለምወድ ሳቅሁ።

ወረቀቱ ለፊርማ ከጠረጴዛዎ ሲደርስ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ የእርስዎ ደግነት ተነሣ። «ይህ ሽማግሌ ጥቁር ሳይለብስ እየሣቀ ነው የመጣው፤ መርዶውን ለሚስቱ አልነገራትም ማለት ነው» ብለው እንቅልፍ አጡ አሉ። እንደ አገራችን ወግ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሎች አሰባስበው፣ መሪጌታ ሐብተ ማርያምን አስቀድመው ወደ ቤቴ ሰደዱልኝ። አንዲት ወረቀት በመስኮት ለማሳለፍ ዘመን የሚፈጅበት ጽሕፈት ቤት መርዶን በአንድ ጀንበር ማድረሱ መቼም የሚደነቅ ነው።

እኔ ኪዳን አድርሼ ስመለስ ግቢዬ በለቀስተኛ ተሞልቷል፤ ባለቤቴ ደረቷን ትደቃለች። «ኧረ ሰዎች፣ ክንዱ አልሞተም!» ብል መሪጌታ ትከሻዬን ደገፍ አድርገው «አይዞህ፣ ልብ ቶሎ አይቀበልም» አሉኝ። ወደ ለተ ማርያም ጠጋ ብዬ «የገደልነው እኮ እኔና ፋንታሁን ነን» ብዬ እውነቱን በጆሮዋ ብነግራት፣ «አንቱ ደግሞ በዚህም ይቀልዳሉ!» ብላ ፊቷን አዞረችብኝ። ዕድሜ ልኬን ሳሾፍባት ኖሬ አንድ ቀን እውነት ብናገር የሚያምነኝ አጣሁ። የመንገዳችንን በሶ ለቀስተኛው በጥብጦ ጠጣው፤ ድርቆሹንም ነፍስ ይማር እያለ ፈጀው።

አራተኛ፤ ይህ ሁሉ ከሆነ ዘንድ ወረቀቱን እንኳ ልውሰድ ብዬ ብመጣ፣ እርስዎ ራስዎ በመስኮቱ ብቅ ብለው «ለቅሶው እዚሁ ጎንደር በሚገባ ስለ ተለቀሰ ለጉዞ የሚያበቃ ምክንያት አልቀረም፤ እግዜር ያጥናችሁ» ብለው ማመልከቻዬን በማኅተም ዘጉት። ስላጽናኑኝ አመሰግናለሁ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ በእውነት ያዘንሁ አልነበርሁም።

የሚቀጥለውን ቁጥር ልስጠው ብል እጄ እምቢ አለኝ፤ ዝም ብዬ ልንገርዎት። ጨው የሚያመላልሱት የማኪና ነጂዎች መርዶውን ይዘው ሊማሊሞን ወረዱ፤ መርዶ ይለፍ አይጠየቅም። ክንዱም መሞቱን ከገበያ መካከል ሰማ። እኅቱ በኀዘን እንዳትጎዳበት ብሎ በተመላሽ ማኪና ተሳፍሮ መጣ፤ ለሚወጣ ሰው ወረቀት አያስፈልግምና። ከደጃችን ሲቆም ሴቶቹ እያማተቡ ወደ ጓዳ ሸሹ። ለተ ማርያም ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ስትዳስሰው ቆየች፤ ያመነችው «እታለም፣ ማን ነው የገደለኝ?» ብሎ ሲስቅ ነው። እኔም ያን ጊዜ ከደጅ ወጥቼ ቆየሁ፤ አጥሩን የማይ መስዬ።

ዕንባው ግን በከንቱ አልፈሰሰም። ከዚያ ለቅሶ ወዲህ የቀረው ዓይኗ ቀልቶ ይውላል፤ የኩራዙን ብርሃን በጉም ውስጥ እንዳለ ነው የምታየው። ሐኪሙም ፋሲካን አሁን አይጠራም። እኔ ላጽናናት ብዬ «ባይታይሽም ግድ የለሽም፤ ከአፋፉ አስቀምጬሽ እያየሁ እነግርሻለሁ» ብላት፣ «አንቱ? አንቱማ ወንዙ ሽቅብ እየፈሰሰ ነው ይሉኛል! በዓይኔ ካላየሁት የአንቱን ወሬ አላምንም» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ ፍርዷ ትክክል ነው፤ ይግባኝ የለኝም። ለሌላ ሴት የባሏ ዓይን ይተካላት ይሆናል፤ ለእሷ ግን ያላት ያው የራሷ አንድ ዓይን ብቻ ነው፣ እሱም በመስኮትዎ ፊት ቆሞ እየጠበቀ ነው።

እንግዲህ ብዕርዎ እንዳይደርቅ፣ ወንበርዎ እንዳይጎረብጥዎ፣ ዘመድዎም ሁሉ በሕይወት ሳለ በፋንታሁን እጅ እንዳይገባ ዘወትር የምጸልይ፣ በመስኮትዎ ልክ ጎንበስ ብዬ የምሰናበት ትሑት ደጅ ጠኚዎ፣

አላምረው ወልደኢየሱስ
ጥር ፲፱፻፵፬ ዓ.ም.

የተረሳ ነገር፤ ክንዱ ወደ ቤቱ ለመመለስ ትናንት ይለፍ ቢጠይቅ ፋንታሁን መዝገቡን አገላብጦ «እርስዎ እኮ አርፈዋል፤ ለሟች ይለፍ አይሰጥም» አለው። ስለዚህ አዲስ ማመልከቻ ከዚህ ጋር አቅርቤአለሁ፤ ምክንያቱም ለቅሶ ሳይሆን ቀብር ነው። ሟቹ በእርስዎው ማኅተም የተረጋገጠ ሲሆን፣ ወደ ትውልድ አፈሩ የምናደርሰው እኅቱና እኔ ነን። ሬሳ ውሎ ማደር እንደማይችል ያውቃሉና ይፍጠኑልን፤ የእኛው በተለይ ትናንት አንድ ዶሮ ከነመረቁ ጨርሶ ዛሬም ምሳው ምን እንደሆነ እየጠየቀ ነው። እሱ ከጭነቱ ላይም ቢሆን ይተኛል፤ ለባለቤቴ ግን ከማኪናው መስኮት አጠገብ፣ በገደሉ በኩል ያለውን ወንበር ይያዙልን።