ስለጸዳው የወንድሜ ክራር

ፍኖተ ሰላም፣ ግንቦት 11 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር አቶ ጌታሁን፣
የጥድ አምባ ከተማ የባህል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ያች ድምፅ የምታጸዳው የቢሮዎ ኮምፒዩተርም በፍጹም ጤና እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ።

ምናልባት ከሥራ ብዛት ረስተውኝ ከሆነ፣ ሦስተኛ ክፍል የማስተምረው መምህርት ንግሥቴ ነኝ፤ የሟቹ የክንፈሚካኤል ታላቅ እህት። ክንፈሚካኤል ጅጋ ውስጥ አናጺ ነበር። እሑድ እሑድ እናታችን ቤት እየመጣ ራሱ በሠራው ክራር ይጫወት ነበር። በ1997 ዓ.ም. ለሥራ ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት መጣና በስድስተኛው ቀን ሞተ። የቀረን ክራሩን ሲጫወት የተቀዳበት አንድ ካሴት ነው። እናታችን ወይዘሮ አየለች ስምንት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ስትሰማው ኖራለች።

አንደኛ፣ ካሴቱን ስለወሰዱልን አመሰግናለሁ። ባለፈው ጥቅምት እርስዎ ራስዎ ከእናቴ ደጅ ድረስ መጥተው፣ «እናቴ፣ ይህ እኮ ቅርስ ነው፤ ወደ ዘመናዊ ቀይረን እንመልስልዎታለን» ብለዋት ነበር። እናቴ መርቃ ሰጠችዎ። ከአምስት ወር በኋላ ግን ለእኔ የተሰጠኝ የጣት ጥፍር የምታክል ሚሞሪ ነበረች። ባለሙያዎ አቶ ምስክር በትሕትና እንዳስረዱኝ፣ ድምፁ በከፍተኛ ጥራት የተዘጋጀ ስለሆነ በእኔ ተራ ስልክ አይከፈትም፤ ስማርት ስልክ መግዛት ይኖርብናል።

ሁለተኛ፣ ባለ ስማርት ስልክ ስላደረጉን አመሰግናለሁ። የመምህር ደመወዝ ስለማይበቃ የእናቴ ጊደር ተሸጠች። እናቴ አልተከራከረችም፤ «ልጄን ለመስማት ከሆነ ትሂድ» ብቻ አለች። ስልኩ ከቡሬ በሦስት ሺህ ስምንት መቶ ብር ተገዛ። አሮጌው ቴፕ በሁለት ባትሪ ድንጋይ ከወር በላይ ይሰነብት ነበር፤ ይህ ግን በየሁለት ቀኑ ቻርጅ ይፈልጋል። እናቴ ቤት መብራት ስለሌለ ጅጋ ድረስ በእግር ተወስዶ፣ ተከፍሎበት ይመለሳል። በዚያ ላይ የእናቴ ጣት በሥራ ብዛት ስለሻከረ የስልኩ መስታወት ስትነካው አይቀበላትም። ጎረቤት መጥቶ ካልከፈተላት ይዛው ትቀመጣለች።

ሦስተኛ፣ ስለ ጥራቱ። በካሴቱ ላይ ክንፈሚካኤል ከመጀመሩ በፊት ጉሮሮውን ይጠርጋል። መሐል ላይ እናቴ ከጓዳ «ክንፌ፣ ኧረ እህል ሳትቀምስ!» ስትለው፣ እሱ ክራሩን ሳያቋርጥ ይስቃል። አቶ ምስክር ይህን ሁሉ የጀርባ ጫጫታ ነው ብለው አጽድተውታል። የወፍራሙ ጅማት ድምፅም ፋይሉ ቀለል እንዲል ተብሎ ተቀንሷል። የቀረው ቆርቆሮ ላይ ጠጠር ሲወርድ የሚሰማ ዓይነት ነው። ንጹሕ መሆኑን ግን አልክድም።

መጋቢት ውስጥ አንድ እሑድ ስልኩን ከፍቼ እናቴ ጆሮ ላይ አደረግሁላት። እስከ መጨረሻው አንገቷን ደፍታ ሰማች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «እጁ ጥሩ ነው። የማን ልጅ ነው?» አለችኝ።

እኔም በማግስቱ ካሴቱ እንዲመለስልን ልለምን ቢሮዎ መጣሁ። ወንበር ስበው አስቀመጡኝ።

«ካሴቱማ ከአሮጌ ንብረት ጋር ተወግዷል፤ አሠራሩ ነው» አሉኝ።

«እንዴት ተወገደ?» ብዬ ጠየቅሁዎ።

«ተቃጥሎ» አሉኝ።

አመስግኜ ወጣሁ። ለምን እንዳመሰገንኩ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ከሰዓት በኋላ ክፍል ገብቼ ማባዛት አስተማርኩ፤ ልጆቹም በደንብ ገባቸው። እንዳለቅስ ጠብቄ ነበር፤ አላለቀስኩም። እስካሁንም እንባ የለም።

እናቴ በሄድኩ ቁጥር «ሰውየው ካሴቴን መቼ ይመልሱልኛል?» ትለኛለች። እኔም ገና አልጨረሱም እላታለሁ። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በዚህ ደብዳቤ የምጠይቀው ካሳ የለም፤ ስልክም፣ ጊደርም አልፈልግም። ሲያጸዱ የጣሉት የእናቴ ድምፅና የወንድሜ ሳቅ ከኮምፒዩተሩ አንድ ጥግ ተርፎ እንደሆነ፣ ሳይጸዳ፣ እንዳለ ይሰጠን።

ስለ ንጽሕናዎ በየዕለቱ የማስብ፣ በጥራትዎ የተደነቅሁ፣ አሁን ባለ ስማርት ስልክ የሆንኩ አክባሪዎ፣

መምህርት ንግሥቴ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በመጪው ወር ለምታከብሩት የባህል ቀን ለእናቴ የላኩላት የጥሪ ወረቀት ደርሷል። አነበብኩላት። ነጠላዋን አጥባ አስጥታለች፤ ካሴቱን ያን ቀን በሰው ፊት የሚመልሱላት መስሏታል። ከፊት ወንበር አስቀምጣታለሁና፣ መቃጠሉን እርስዎ ይንገሯት። እኔ አልቻልኩም።