የበዓል ምድብ

ማክሰኞ ከሰዓት፣ በዓሉ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከረማችሁ? አንቺ፣ ባለቤትሽ፣ ያቺ ጥያቄዋ የማያልቅ ልጅሽ፣ ሁላችሁም ሰላም ናችሁ ወይ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ሁለመናዬ ደህና ነው። ጉልበቴም ቢሆን የሚያመኝ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፍሬን ስረግጥበት የኖርኩት የቀኙ ብቻ ነው፤ ግራው ገና ጎረምሳ ነው። ወንድምሽም ደህና ነው። እሁድ እሁድ እየመጣ ቴሌቪዥኑን ያስተካክልልኛል። እኔም እንዳይቀርብኝ ብዬ ቅዳሜ ቅዳሜ አበላሸዋለሁ፤ ይህን እንዳትነግሪው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «አባዬ፣ ዘንድሮም በዓሉን የምውለው ሆስፒታል ነው፤ ምድቤ ነው። ባለቤቴ አኩርፏል፣ ልጄም አልቅሳለች። አንተ ግን ትረዳኛለህ፤ የበዓል ምድብ ምን እንደሆነ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም» ብለሻል። እውነትሽን ነው፣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እስቲ አረፍ በይና አንብቢኝ፤ የምነግርሽ ነገር ቆመው የሚሰሙት አይደለም።

በዓል በመጣ ቁጥር ያ የጋዜጣ ጥቅል ትዝ እንደሚልሽ፣ ለልጅሽም እንዳወራሻት ጽፈሻል። እኔስ መች ረሳሁት? የበዓል ዋዜማ አውቶቡሱ የሚሞላው በሰው ብቻ አልነበረም። ጭኑ ላይ አንድ ነገር ያልታቀፈ ተሳፋሪ አታገኚም። ኬኩ በሰሃን፣ የማር ዳቦው በፎጣ ተጠቅልሎ፣ በስኳር የተለወሰው ኦቾሎኒ በጠርሙስ፣ ማርማላታ በሆዱ የያዘው ኩኪስ ባልዲ ውስጥ ተከድኖ። ሁሉም ለዘመድ የተያዘ ነው፤ አይነካም ይባላል። ከከተማ ወጥተን ገና ሁለተኛው ድልድይ ላይ ሳንደርስ ግን የአንዱ ክዳን ይከፈታል፤ ከዚያ በኋላ ማን ሊያቆመው! «ለሹፌሩ! ለሹፌሩ አሳልፉለት!» የሚል ድምፅ ከኋላ ወንበር ይመጣል። ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ፣ በየመሃሉ እየተቆረሰ፣ እኔ ዘንድ ሲደርስ ግማሹ ነው የሚቀረው። እሱን በጋዜጣ ጠቅልዬ ከፊት መስታወቱ ሥር አስቀምጠው ነበር። በበዓሉ ማግስት ቤት ስገባ አንቺና ወንድምሽ ሮጣችሁ ትቀሙኛላችሁ። አንቺማ እያሸተትሽ፣ «ይቺን የሠራችው ሴትዮ ደግ ናት፤ ይቺን የሠራችው ግን ቋጣሪ ናት፣ ስኳሩን ሰስታዋለች» እያልሽ ትፈርጂ ነበር። ሁላችንም በሳቅ እንሞታለን። እናትሽም አብራን ትስቃለች፤ የእሷ ብስኩት ግን ከዋዜማው ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ እንደተከደነ ነው።

ያ ሰሊጥና የብርቱካን ልጣጭ ያለበት ብስኩቷ! ለእኔም በቆርቆሮ ሙልት አድርጋ ለመንገድ ትሰጠኝ ነበር። እኔ ደግሞ ለተሳፋሪው አዞረዋለሁ። የቀመሰው ሁሉ «እጇ ይባረክ! ንገራት፣ እንዲህ ብለዋል በላት» ይለኛል። አንድም ቀን አልነገርኳትም። የሰው ዕቃ ሳላጎድል ሳደርስ የኖርኩ ሹፌር የገዛ ሚስቴን ምርቃት መንገድ ላይ አስቀረሁት። «ወደዱት?» ስትለኝ «ደህና ነበር» እልና ባዶውን ቆርቆሮ አስረክባታለሁ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ፤ ከዚህ በላይ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልችልም። በየዓመቱ የበዓል ቀን የሚመድበኝ ሰው አልነበረም።

ሥራው በዕጣ ነበር፤ ለአንድ ሹፌር በአራት ዓመት አንዴ ቢደርሰው ነው። የቀረውን ሁሉ ለምኜ የወሰድኩት እኔ ነኝ። የስምሪት ክፍሉን ኃላፊ ታስታውሺዋለሽ፤ ያ ፊሽካ ከአንገቱ ስለማይለይ እኛም ፊሽካ ብለን ስም ያወጣንለት። በዓሉ ወር ሲቀረው በፈቃዱ የሚሠራ ካለ ስሙን ይጻፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ወረቀት ይለጥፋል። ቀድሞ የሚጻፈው የእኔ ስም ነው። ጓደኞቼ «አንተ ሰውዬ፣ ቤትህ እባብ ገብቷል እንዴ?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ቤት ስመጣ ግን ፊቴን አጨፍግጌ «ምን ላድርግ፣ ምድቤ ነው» እላለሁ።

ለምን? ትዪኛለሽ። አንቺ አምስት ዓመት ሲሆንሽ አንድ በዓል ቤት ውዬ ነበር። ማልጄ ተነስቼ ላግዝ ብል ማንኪያው የት እንደሚቀመጥ እንኳ አላውቅም። እናትሽ «ግዴለህም፣ አንተ ቁጭ በል» አለችኝ። ቁጭ አልኩ። እናንተም እንግዳ እንደመጣባቸው ልጆች ጭምት ሆናችሁ፣ ጥግ ይዛችሁ ትበላላችሁ። ወንድምሽ እናቱን ቀስ ብሎ «መቼ ነው የሚሄደው?» ሲላት ሰማሁት። የሦስት ዓመት ሕፃን ነው፣ ምን ያውቃል? እኔ ግን አርባ ዓመት ሞልቶኝ የሦስት ዓመት ልጅ ተቀየምኩ። ቤቴን እንደመልመድ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሄጄ ስሜን ጻፍኩ። አውቶቡሱ ውስጥ ይዘፍኑልኛል፣ ይመርቁኛል፣ ስንደርስ ያጨበጭቡልኛል። ሳሎኑ ውስጥ ለተቀመጠ አባት ማን ያጨበጭባል? ሌላ የተሻለ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ፤ ይኸው ነው።

አንድ ዓመት በበዓሉ ቀን ጎርፍ መንገዱን ቆረጠብን። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ያለ የሌለውን ጣፋጭ አስፋልቱ ዳር ዘረጋው። አንዲት አሮጊት «አንተም እኮ የሰው ልጅ ነህ» ብለው በእጃቸው አጎረሱኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይህን ስጽፍልሽ አፍራለሁ፤ በዚያች ሰዓት አንቺ መስኮት ላይ ተንጠልጥለሽ እየጠበቅሽኝ ነበር፤ እናትሽ ነግራኛለች።

እናትሽ ደግሞ ነገሩን ታውቀው ነበር። ይህን የሰማሁት ከቀበርናት በኋላ፣ ፊሽካ ሊያጽናናኝ መጥቶ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሆኖሽ በትምህርት ቤታችሁ የበዓል ዝግጅት ላይ ግጥም ልታነቢ የነበረ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ለካ እናትሽ ብስኩቷን በሰሃን ይዛ ስምሪት ክፍል ሄዳለች። «ልጅቱ አባቴ ካልመጣ አላነብም ብላለች፤ እባክዎ የዘንድሮውን ብቻ ሌላ ሰው ይመድቡልኝ» ብላ ለመነችው። ፊሽካም ግራ ገብቶት «እኛ መቼ መደብነው? ራሱ እኮ ነው የሚጻፈው» ብሎ ወረቀቱን አሳያት። ጽሕፈቴን መቼም ታውቀዋለች። ትንሽ ቆማ አየችውና ሰሃኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «ለሠራተኛው ነው፣ ብሉት። መምጣቴን ግን አይንገሩት» ብላው ወጣች።

የዚያን ዕለት እራት ላይ «ዘንድሮም ምድብህ ነው?» አለችኝ። «ምን ላድርግ?» አልኳት። በዓሉ ሲደርስ ቆርቆሮዬን ሞላችልኝ። ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ በየዓመቱ ያችኑ ጥያቄ ትጠይቀኝ ነበር። እኔ እኮ ጥያቄ መስሎኝ ነው። ለካ «ዛሬስ እውነቱን ትነግረኛለህ ወይ?» ማለቷ ኖሯል። አንድ ጊዜ እንኳ «አይ፣ እኔው ነኝ» ብላት ይቅር ትለኝ ነበር፤ አመሏን አውቀዋለሁ። አሁን ማንን ይቅርታ ልጠይቅ? አንቺንም ግጥሙን አንብበሽው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩሽም።

ባለፈው ሳምንት ብስኩቷን ልሠራላችሁ ሞከርኩ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ቆማ «ጋሼ፣ ሊጥ እኮ እንደ መሪ አይዞርም!» እያለች ስታሾፍብኝ ዋለች። የመጀመሪያው ከሰል ሆነ። ከሁለተኛው ድንጋይ ይሻላል። ሦስተኛው ግን ይበላል፣ ሰሊጡ ትንሽ በዛ እንጂ። እሱን በፖስታ ቤት ልኬላችኋለሁ፤ ከበዓሉ በፊት ይደርሳል ብለውኛል።

ልጄ፣ ምናልባት በእርግጥም ተራው ደርሶሽ ይሆናል። በሽተኛ በዓል ነው ብሎ አይሻለው፤ የሚያስታምመው ሰው ያስፈልገዋል። እንደዚያ ከሆነ ይቅር በይኝ። ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባላል፤ ሌባ አባትም እንደዚያው ነው። ግን ምድብሽ አራት ዓመት በተከታታይ ሲሆንብኝ ፈራሁ። «ሲስተር፣ ሲስተር» ሲሉሽ፣ እጅሽን ይዘው ሲመርቁሽ ደስ እንደሚል አውቃለሁ። ቤት ገብቶ ካኮረፈ ባል ጋር ወሬ መጀመር ደግሞ እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ስምሽ በማን እጅ እንደተጻፈ የምታውቂው አንቺ ነሽ። በአንቺ ከሆነ ሄደሽ ሰርዢው፤ ገና ዘጠኝ ቀን አለ። ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ዋይ። ቢያስጠላሽም፣ ቢደብርሽም ዋይ። የመጀመሪያው ዓመት ይከብዳል፤ ሁለተኛው እንዴት እንደሆነ ግን ልነግርሽ አልችልም፣ አልሞከርኩትም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ልጅሽ በአባቷ ስልክ ደውላልኝ ነበር። «አያቴ፣ ምድብ ሰው ነው?» አለችኝ። «ለምን ጠየቅሽ?» ብላት፣ «በበዓል በበዓል እየመጣ እማዬን የሚወስዳት እሱ ነዋ! እማዬ ደግሞ አንተ በደንብ ታውቀዋለህ ብላለች። ክፉ ነው እንዴ?» አለች። «መስመሩ እየተቆራረጠ ነው» ብዬ ዘጋሁባት። መስመሩ ደህና ነበር፤ በስተርጅናም ዋሸሁ። እሷ ግን መልሷን እየጠበቀች ነው።

እንግዲህ ፈጣሪ በዓሉን ሦስታችሁም በአንድ ማዕድ ዙሪያ የምትውሉበት ያድርግላችሁ። ልጅሽንም በእኔ ስም ሳሚያት። አያትሽ ሰውየውን በደንብ ያውቀዋል በያት፤ ክፉ አልነበረም፣ ፈሪ ነበር ብሏል በያት።

አባትሽ