ከእንሴኖ ጋር ያጣመረን እጣ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 5 ቀን 2009 ዓ.ም.

ወልቂጤ ላይ በተማሪዎች የሮቦት ውድድር ተሸንፈን መጣን። ደንቡ ሁለት ትምህርት ቤቶች በእጣ ተጣምረው ሌሎች ሁለትን ይግጠሙ ይላል። ለእኛ ለቡታጅራዎቹ እንሴኖ ደረሰን። ጠዋት ሲሞክሩት ሮቦታቸው አንድ ቦታ ላይ ሲዞር አይቼዋለሁ። የእኛን የሚነዳው ሰሚር እጣው ገና ሲነበብ «በቃ፣ ተበላን!» አለ። እጣው ይደገምልን ብለን ዳኛውን ጠየቅነው።

«ልጆች፣ እጣ እኮ ነው። ማንም መርጦ አልሰጣችሁም» አለን። እውነቱን ነው።

ጨዋታው ላይ የእኛ ሮቦት ኳስ ይዞ ሲሮጥ የእነሱ መንገዱ ላይ ቆሞ አገኘው። ተጋጩና ተቆላለፉ። ፊሽካው እስኪነፋ እንደዚያው ቀሩ።

በኋላ መኪና ስንጠብቅ ነጃት፣ የእንሴኖዎቹን የምትነዳው ልጅ፣ ከአስተማሪዋ ጋር ቆማ ታወራ ነበር። እኔን አላየችኝም።

«ወላሂ ቲቸር፣ ኳሱን ላስገባ ስል ከኋላ መጥተው ገጩኝ። ጠዋት ቡታጅራ ሲደርሰን እጣው ይደገም ይበሉልን አላልኩዎትም?»

ሰሚር እስከ ቡታጅራ ድረስ እንሴኖዎችን ሲያማ መጣ። የሰማሁትን አልነገርኩትም።