«የለም» ብዬ የፈረምኩበት ወረቀት

ለውድ እህቴ ለኮሪን፣

እንዴት ከርመሻል እህት ዓለም? ጤናሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስወጣ ያመኛል ብለሽ ለኒታ የነገርሻት ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይስ እየቻልሽው ነው? ሮይስ ከባሕር በሰላም ተመለሰ? ትዊላ ጥርሷ ላይ ያሰሩላት ሽቦ ተፈታላት? እናንተ ዘንድ ኮዲያክ ላይ ብርዱ ከወዲሁ እንደገባ በዜና ሰምተን፣ ምድጃው ይሠራላቸው ይሆን እያልን ስናስብ ነው የሰነበትነው። እኛ አለን። «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ነገር ግን ሚስተር ኦርቪል ይህችን ቃል ለአንድ ወር ከአፌ እንዳላወጣት ከልክለውኛል። ምክንያቱን ወደ ታች ታገኚዋለሽ።

ስልክ ያልደወልኩልሽ ኮርቼ አይደለም። ጆሮዬ እየባሰበት ነው። በስልክ የሰው ቃል አይለይልኝም፤ «እሺ፣ እሺ» እያልኩ እዘጋና ምን እንዳላችሁ ኒታን እጠይቃታለሁ። የዛሬው ጉዳይ ደግሞ በሚስቴ አፍ የሚነገር አይደለም።

የጦር ጉዳት ጡረታ ይግባኜ የሚታይበት ችሎት ቀን ተቆረጠ። ኦክቶበር 29 ማክሰኞ ጠዋት አንዲት ዳኛ ፊት እቀርባለሁ። እውነቱን ልንገርሽ ኮሪን፣ ፈርቻለሁ። ጠዋት ሸሚዜን አዛንፌ እቆልፋለሁ፤ ኒታ እንዳታይብኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። እሷ እንደሆነ ታያለች፣ መጥታ ታስተካክልልኛለች።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ፣ ለማንም አልነገርኩትምና። ኢራቅ የጭነት መኪና ስነዳ መንገድ ላይ የተቀበረ ፈንጂ ከሥራችን ፈነዳ፤ ራሴ ከብረቱ ጋር ተላተመ። ደም ስላልፈሰሰኝ ሐኪም ጋ አልሄድኩም። እኛ ዘንድ በሁለት እግሩ እየተራመደ ሐኪም ቤት የሚሄድ ወታደር ስም ይወጣለታል፤ እስኪሰናበት ድረስም በዚያ ስም ሲጠራ ይኖራል። ከዚያ ልንሰናበት ስንል የጤና ቅጽ ሰጡን። ራስህን ያምሃል? ጆሮህ ይጮኻል? እንቅልፍ ይነሳሃል? ከአጠገቡ «አለ» እና «የለም» የሚሉ ሳጥኖች። የሃምሳ አለቃችን በሩ ላይ ቆሞ፣ «‹አለ› ያለ ለምርመራ ሦስት ሳምንት እዚሁ ይቀራል፤ ‹የለም› ያለ ነገ አውቶቡስ ላይ ነው፤ እንደፈለጋችሁ» አለን። ያንቺ ሠርግ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ነበር። ጥያቄዎቹን እንኳን አላነበብኩም። «የለም» በሚለው ረድፍ ላይ ከላይ እስከ ታች አንድ ረጅም መስመር አሰመርኩና ፈረምኩ። ከኋላዬ የነበሩትም እስኪሪብቶውን እየተቀባበሉ እንደዚያው አደረጉ። ስንስቅ ሁሉ ትዝ ይለኛል።

ያ ወረቀት ዛሬ በመዝገቤ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ሁለት ጊዜ አመልክቼ ሁለቱንም ጊዜ የከለከሉኝ እሱን ጠቅሰው ነው። ስትሰናበት ጤነኛ ነበርክ፣ ሐኪም ያየህ ከሰባት ዓመት በኋላ ነው፣ ሕመምህ ከጦርነቱ ለመምጣቱ ምን ማስረጃ አለህ ይሉኛል። በዚህ መሐል የሾፌርነት ሥራዬንም አጣሁ። መኪናውን ወደ ኋላ ሳስኬድ አንድ ሠራተኛ ሲጮህብኝ አልሰማሁትም፤ በስንዝር ነው የተረፈው። አለቃዬ ቁልፉን ሲቀበለኝ አልተቀየምኩትም፣ እኔም ብሆን እቀበል ነበር። አሁንም ካልፈረዱልኝ ግን ሕክምናውም ጡረታውም ይቀራል፤ በዚያ ላይ በመንግሥት መዝገብ ውሸታም ተብዬ መቅረቴ ነው።

ሚስተር ኦርቪልን ታስታውሻቸዋለሽ፣ ቬትናም የዘመቱት፣ ከድልድዩ ማዶ ጎማ ይጠግኑ የነበሩት። አሁን በዘማቾች ማኅበሩ ቤት ቁጭ ብለው የእንደኔ ዓይነቱን ሰው ወረቀት ያዘጋጃሉ። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኛ ቤት መጡና «ዛሬ ዳኛው እኔ ነኝ» ብለው የኒታን መነጽር አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሰክተው ከጠረጴዛው ራስ ተቀመጡ። «እንዴት አደሩ?» አሉኝ በዳኛ ድምፅ። ብድግ ብዬ ቀጥ አልኩና «ደህና ነኝ ጌታዬ!» አልኩ። «በቃ፣ ተፈርዶብሃል! አንተ ሰው፣ ደህና ከሆንክ እዚህ ምን ትሠራለህ? ሂድ ዓሣህን አጥምድ!» አሉኝ። ኒታ በሳቅ ፈረሰች። እንደገና ጠየቁኝ፣ እንደገና «ደህና ነኝ ጌታዬ» አልኩ። አምስት ጊዜ! ምላሴ አንዴ ለምዶታል፣ ምን ላድርገው። ቀጥለው የጠየቁኝን ደግሞ አልሰማሁትም፤ እንደ ልማዴ «አዎ ጌታዬ» ብዬ አለፍኩ። ለካስ «ይህን ሁሉ የፈጠርከው ለጡረታው ብለህ ነው?» ብለውኝ ኖሯል። ያኔ ኒታም መሳቋን አቆመች። የዕለቱ ዳኛ እንዲህ ብትጠይቀኝና አዎ ብላትስ? ይህን እያሰብኩ ነው ቀኑን የምገፋው።

ሚስተር ኦርቪል ሊያዝናኑን ፈልገው «ጸጥታ በችሎት!» አሉና የኒታን የሥጋ መቀጥቀጫ እንደ ዳኛ መዶሻ አንስተው ጠረጴዛውን መቱት። ቃል አልሰማም እንጂ ምት እሰማለሁ፤ በአጥንቴ ነው የሚገባው። ከዚያ ያለውን አላውቅም። ወደ ልቤ ስመለስ ወለሉ ላይ ነኝ፣ ኒታ በደረቷ ተደፍታ ከሥሬ ናት፣ ባቄላው ከነድስቱ ተደፍቷል። «ሌላንድ፣ እኔ ነኝ፣ መተንፈስ አቃተኝ» ትለኛለች። ሁለት እጆቼ ጭንቅላቷን ከኋላ ሸፍነው ይዘዋል፤ አልላቀቅ ብለው እሷ ናት ጣት በጣት ያላቀቀቻቸው።

ሚስተር ኦርቪል መነጽሩን አውልቀው ኒታን ደግፈው አስነሷት። «ይቅር በለኝ ልጄ፣ ምን ነካኝ» አሉ። ከዚያ «እንደተመለስክ ሰሞን ይህን ያየብህ ሰው አለ?» ብለው ጠየቁኝ። ኒታን ያገኘኋት ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። እማማ አርፋለች። እንደ ልማዴ «የለም» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ኮሪን፣ አንቺ አለሽ።

ሠርግሽን ላነሳብሽ ነው፣ አትቆጪኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ ስትወጡ የአክስታችን ልጅ ዴልበርት ከመኪናችሁ ሥር ርችት ለኮሰ። እኔ ዘልዬ ጠጠሩ ላይ ጣልኩሽና ተኛሁብሽ። ቀሚስሽ ተቀደደ፣ አገጭሽ ተሰነጠቀ፣ ሦስት ወንዶች ጎትተው አነሱኝ። እማማ እንግዳውን ሁሉ እየዞረች «ልጁ ጠጥቶ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልን» ትል ነበር። ወንዶቹ ከቄሱ ተደብቀው ከዴልበርት መኪና ኋላ ሲጠጡ ስላረፈዱ ሁሉም አመናት። አንቺም አመንሻት፤ ዓመት ሙሉ አላናገርሽኝም። እውነትሽን ነበር።

አልጠጣሁም ነበር ኮሪን። አንዲት ጠብታ በአፌ አልዞረችም። እማማም ታውቅ ነበር። በማግስቱ ለብቻችን ስንሆን «ሰካራም ቢሉህ ይረሱልሃል፤ አእምሮው ተነካ ካሉህ ግን ማን ሥራ ይሰጥሃል? ማን ያገባሃል?» አለችኝ። እኔም አፍሬ ስለነበር ደስ አለኝ። እንዲህ ተስማምተን አሥራ አራት ዓመት ዋሸንሽ። እሷን አትቀየሚያት፣ ፈርታልኝ ነው። እኔን ግን ብትቀየሚኝ ምንም አልልም።

አሁን ከዳኛዋ ይልቅ አንቺን ነው የምፈራው። ይህን ስታነቢ «ሲቸግረው ጊዜ ታሪኩን ለወጠ» ብትይ ምን እመልስልሻለሁ? ሚስተር ኦርቪል የጠየቁት በእጅሽ የተጻፈ አንድ ገጽ ነው፤ ቀኑ፣ ቦታው፣ በዓይንሽ ያየሽው፣ ከሥሩ ፊርማሽ። ከችሎቱ በፊት ይድረስልኝ እንጂ ከዚያ ወዲያ አይቀበሉም። እኔ ዛሬ የነገርኩሽን አትጻፊበት። ስለ ጀግንነቴ ምናምን ብለሽም እንዳታስቂብኝ። ያየሽው ሰካራም ከሆነ ሰካራም ብለሽ ጻፊ፤ ያንኑ ይዤ እገባለሁ። ሳላነብ መፈረም ምን እንደሚያመጣ እኔ አይቼዋለሁና ለእኔ ብለሽ እንዳትፈርሚ።

ሮይስን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ፣ በዚያ ቀን ጎትተው ካነሱኝ አንዱ ሙሽራው እሱ ነው፣ አልተቀየምኩትም። ትዊላን ግንባሯን ሳሚልኝ። ትንሿን ማብሪን ደግሞ፣ ርችት ለሚተኮስበት ለጁላይ አራት በዓል በየዓመቱ እየጠራችኝ የምቀረው ስለማልወዳት እንዳልሆነ ንገሪያት። ኒታ ሁላችሁንም ትስማችኋለች፤ የፖም ማርማላታ በፖስታ ልካለች። ሚስተር ኦርቪልም ሰላም ብለውሻል።

ብዕርሽን ከማንሳትሽ በፊት ግን አንድ ነገር ብቻ አስቢልኝ። ሰው ሰክሮ ሲወድቅ እጁን የሚዘረጋው ለራሱ ነው። ያን ቀን ጠጠሩ ላይ ስንወድቅ ሁለት እጆቼ የት ነበሩ? እኔ አላስታውስም፤ ከላይ የነበሩት ሰዎችም ጀርባዬን እንጂ ሌላ አላዩም። የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።

ወንድምሽ ሌላንድ
ፓይን ጋፕ፣ ኬንታኪ
ኦክቶበር 3 ቀን 2019